ወይን ጠጅ አበባ ያለው የዱር ፖም

እስኪ ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ። የምንጓዘው በእግር አይደለም፤ በመጽሐፍና በፎቶግራፍ ነው። መድረሻችን የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ነው። ወሩ ግንቦት ነው። በረዶው ቀልጧል።

በከተማይቱ ውስጥ በ1886 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ትልቅ የመንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። በግቢው አጠር አጠር ያሉ ዛፎች ቆመዋል። አበባ ከመልበሳቸው የተነሣ ቅርንጫፋቸው በደንብ አይታይም። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሲቆይ ወደ ሮዝ ይደበዝዛል። ቅጠሉም ሲያቆጠቁጥ ቀላ ይላል።

ዛፉ የፖም ወገን ነው። የእኛ ቀጋና ኮሶም ከዚሁ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ፍሬው ግን ትንሽ ነው፤ የቀጋ ፍሬ ቢያክል ነው። ይኮመጥጣል። በስኳር ቀቅለው ማርማላታ የሚያደርጉት አሉ። ከክፍላችን አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ለማየት ብቻ ነው እንዴ የተከሉት?» አሉን። አዎን፣ በብዛት ለማየት ነው። ወፎች ግን በብርዱ ወራት ፍሬውን ይለቅሙታል።

በዚህ ጣቢያ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢዛቤላ ፕሬስተን የተባሉ ሴት ይሠሩ ነበር። የኦታዋ ብርድ ብዙ ዛፍ ይገድላል። ስለዚህ ብርድ ከማይበግረው ከሳይቤሪያ የዱር ፖምና ከአንድ ቀይ ፖም የተገኙ ችግኞችን እያሳደጉ፣ መልካም መልካሙን መረጡ። ስማቸውንም በካናዳ ሐይቆች ሰየሙ፦ ሲምኮ፣ ማካሚክ፣ ሌሎችም።

የእነዚህን ዓይነቶች ዘር ብንዘራ እናቱን የሚመስል አይበቅልም። አትክልተኞች ከጥሩው ዛፍ ቀንበጥ ቆርጠው በሌላ የፖም ችግኝ ግንድ ላይ ያያይዙታል። ቁስሉ ሲድን ሁለቱ አንድ ዛፍ ይሆናሉ። አንዱ ዛፍ ሺህ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ያ ቀይ ፖም ከየት መጣ? አሁን መንገዳችን ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ ቲየን ሻን ተራሮች ነው። የኒድዝቬትስኪ ፖም ይባላል። የአበባው ቀለም ብቻ አይደለም የሚገርመው፤ ፍሬው ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ቀይ ሥር ነው! በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አውሮፓ ተወሰደ። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በካናዳ ከሌሎች ፖሞች ጋር ተዳቀለ። በብዙ ከተማ መናፈሻ የሚታየው ወይን ጠጅ አበባ ቀለሙን የወረሰው ከእሱ ነው።

ልጆቹ እንዲህ ሲበዙ እናትየዋ ዛፍ በአገሯ ልትጠፋ ደርሳለች። በኪርጊዝስታን በተደረገ ቆጠራ የተገኙት 111 ብቻ ነበሩ። ደኑ ለማገዶ ተቆርጧል፤ ለእርሻ ተመንጥሯል። ብቅ ያለውን ችግኝ ደግሞ ከብት ይግጠዋል። ይህንማ እኛም እናውቀዋለን።

እኚያው እናት፣ «ለእናትየዋስ የደረሰላት የለም?» ብለው ጠየቁን። አለ። ዘሯን ለቅመው፣ ችግኝ አፍልተው፣ ወደዚያው ደን እየመለሱ የሚተክሉ ሰዎች አሉ።