ከደሴ እስከ መቲ

ድሮ አንድ አዛውንት ከወሎ ተነስቶ ጋምቤላ ውስጥ እስካለችው መቲ ድረስ ልጁን ሊጠይቅ ሲያስብ ዘመድ ሁሉ ይመካከርበት ነበር። ማን አብሮት ይሄዳል? የት ያድራል? ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ቢደርቅ እንኳ ወባ የምትበረታው ከመስከረም ጀምሮ ነውና፣ አስተዋይ ሰው «ጥር ይግባ» ይላል። ፍርሃቱ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። በ1977ቱ ድርቅ ወደ ኢሉባቦርና ጋምቤላ ቆላ ከሰፈሩት ደገኞች ስንቱን ወባ እንደጨረሰችው ቤተሰብ አይረሳውም።

ዛሬ መኪናው በዛ፤ ስልክም መጣ። እናታችንን መናኸሪያ እንወስድና መስኮት ዳር አስቀምጠን ረዳቱን «እማማን አደራ» እንለዋለን። ከዚያ «የት ደረስሽ?» እያልን መደወል ነው። ረዳቱስ ምን ያድርግ? መኪና ሙሉ ሰው ይዟል።

የባለቤቴ እናት ባለፈው ዓመት መቲ ሲደርሱ እግራቸው አብጦ ጫማው አልገባ ብሏቸው በእጃቸው ይዘውት ወረዱ። የደም ግፊት አለባቸው። ከሚወስዷቸው ክኒኖች አንዷ ሽንት ታበዛለች። «ሹፌሩን እያስቆምኩ ሰው አላስቸግርም» ብለው በመንገድ ላይ ክኒኗንም ትተዋል፣ ውሃም አልጠጡም። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ቶሎ አይታወቅም። ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደግሞ እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የድሮው አጃቢ ይህን ሁሉ አያውቅም። ግን «ሹፌር፣ አንዴ አቁምልን፤ እናቴ ይውረዱ» የሚል አንደበት ነበረው። እኛ በስልክ ይህን ልንልላቸው አንችልም።

የመቲ ጫካዋ፣ ቡናዋና ማሯ እንግዳን ድካሙን ያስረሳሉ። በዙሪያዋ ያለው የማጃንግ ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው። አመሻሹ ላይ በረንዳ ወጥቶ ቡና መጠጣት ደስ ይላል፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትወጣውም ያኔ ነው። ስለዚህ ለእማማ ከሁሉ በፊት ያዘጋጀነው አጎበር ነበር። ድሮ መራራውን ክሎሮኪን ውጦ የሚድነው ይድን ነበር። ዛሬ ኮአርተም በየጤና ጣቢያው አለ፤ ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው በሽታው ሲታወቅ ነው። ትንኟ ነክሳ ትኩሳቱ እስኪነሳ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያማ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሳል። አዛውንቷ ያኔ ደጋ ቤታቸው ገብተዋል፤ ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላል፣ ዝንጅብል ይፈላል፣ ቀኑ ይነጉዳል።

እማማ ሲመለሱ ልጄ አብሯቸው እስከ ደሴ ሄደ። መኪናው በቆመ ቁጥር አውርዶ ያራምዳቸው ነበር፤ ክኒናቸውንም በሰዓቱ ሰጣቸው። ቤታቸው ገብተው ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ብርድ ብርድ ሲላቸው ዝንጅብሉን ትተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ለባለሙያዋ መጀመሪያ የነገሯት «ከመቲ ነው የመጣሁት፣ ደሜን እይልኝ» ብለው ነው።