ሁለት ሰው በአንድ ኪስ

በመካነ ሰላም ከተማ ከሥራ ሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆችን ፎርም በኮምፒዩተር መሙላት ልማዴ ነው። ገንዘብ አልቀበልም፤ ምስጋናውን ግን እወደዋለሁ። ይኸው ምስጋና ወዳድነቴ በ2016 ዓ.ም. ምን ላይ ሊጥለኝ እንደ ነበረ ላጫውታችሁ።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፉ ሁለት ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን እንድሞላላቸው መጡ። ልጁ ከቤቱ ላለመራቅ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን አስቀደመ፤ ልጂቱ ጎንደርን። እኔም ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የልጁን ገጽ ከፈትሁ፤ ከአጠገቡም በሌላ ታብ የልጂቱን። የእርሷን ጨርሼ ወደ ልጁ ታብ ተመለስሁና ምርጫውን ሞልቼ «መዝግብ» የሚለውን ተጫንሁ። ሁለቱም አመስግነውኝ ሄዱ።

ማታ ኮምፒዩተሩን ልዘጋ ስል ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ በልጂቱ ስም ሥር የልጁ ምርጫ ተጽፏል! ላርመው ብሞክር ጊዜው አልፎ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ምዝገባው የሚያበቃው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሆነ? ድረ ገጽ ሰውን በመልኩ አያውቅም። ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ስንሰጠው ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ለብራውዘሩ ያስይዘዋል፤ ብራውዘሩም በመጣ ቁጥር ያችን ምልክት ያሳያል። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የፈጠረው የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ታቦቹ ቢበዙም ምልክቱ የሚቀመጥበት ኪስ አንድ ነው። የልጂቱ ምልክት ሲገባ የልጁን አስወጣው፤ ዓይኔ የሚያየው የልጁን ስም ሲሆን በኪሱ ያለችው ምልክት ግን የእርሷ ነበረች። አባቴ ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር፤ እርሱ በጎቹ ከጎረቤት በግ ጋር ሲቀላቀሉ በጆሯቸው ምልክት ይለያቸዋል እንጂ በተሰማሩበት መስክ አይለያቸውም።

ስልኳ ስላልሠራ ጎሕ ሳይቀድ በዚያ ብርድ በወግዲ መንገድ ገሠገሥሁ። እናቷ ነገሩን ሰምተው «አብሽር ልጄ፤ ቡናው ደርሷል» አሉኝ። እኔ ግን ቡና የሚጠጣ ሆድ አልነበረኝም። ልጂቱ የይለፍ ቃሏን የጻፈችበትን ደብተር ይዛ ተከተለችኝ። መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ጎንደር ቢቀርብኝስ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ደግነቱ ከቀትር በፊት ሁለቱም በየስማቸው ተመዘገቡ።

ከዚያ ወዲህ በክሮም ውስጥ ለየጉዳዩ የተለየ ፕሮፋይል ከፍቻለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ አረንጓዴ፣ የግሌ ሰማያዊ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኪስ አለው። ፋየርፎክስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጣው ኮንቴይነር በሚባለው መሣሪያ፣ በአንድ መስኮት ውስጥ ታቦችን በስምና በቀለም ለይቶ ለየብቻ ኪስ ይሰጣቸዋል። በክሮም ታቦችን በቡድን ሰብስቦ ቀለም መቀባት ግን ለዓይን ብቻ ነው፤ ምልክቱን አይለይም። አንድ ባልደረባዬ በዚህ ተታሎ የግል ደብዳቤውን በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ልኮታል፤ ይዘቱን አልናገርም። ለእንግዳ ሰው የምከፍተው በግል መስኮት ነው፤ ዳሩ ግን በአንድ ጊዜ የተከፈቱ የግል መስኮቶችም አንድ ኪስ ስለሚጋሩ፣ የአንዱን ሰው ጨርሼ ሁሉንም ሳልዘጋ የሌላውን አልጀምርም።

ልጂቱ ጎንደር ደረሳት። ባለፈው ሰሞን ደውላ፣ ከእርሷ በፊት የተቀመጠ ተማሪ ገጹን ሳይዘጋ ስለ ሄደ እርሷ እንደ ዘጋችለት ነገረችኝ።