የሚነሣውን ግዛ

ተከራይ ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ የሚታየው ዕቃው የሚነሣበት ቀን ነው። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በአንድ የዲሽ ሳህን ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በተዛወርሁ ቁጥር ቤትም እየቀየርሁ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በአምስት ቤቶች ኖሬአለሁ። አባቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት በሦስተኛው ቤት ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ቴሌቪዥን ያዳምጡ ነበር እንጂ አያዩም። እርሳቸው ዘንድ ቤት ማለት የለመዱት ድምፅ ያለበት ክፍል ነበር።

በዚያ ቤት 90 ሳንቲ ሜትር ሳህናችን ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ ታስሮ ወደ ናይልሳት ይመለከት ነበር። ናይልሳት ከአዲስ አበባ ሲታይ በምዕራብ በኩል ነው፤ ከአድማስ የሚርቀውም 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጎረቤታችን የፎቁን ሦስተኛ ሶሌታ በሞላ ሰሞን ምስሉም ድምፁም ጠፋ። አባቴ ምንም አላሉም። ፊታቸውን ወደ ዝምተኛው ሣጥን አዙረው ተቀመጡ እንጂ።

ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዲስ ሳህን ልንገዛ መርካቶ ወረድን። ዲሽ ሠሪው አስረዳን፦ ይህ ሳተላይት በምሥራቅ 57ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ከእኛ ሰማይ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል የጎረቤት ፎቅ በቀላሉ አይጋርደውም። የቀረን መጠኑን መምረጥ ነበር። ባለ 60ው ቀላል ነው፤ የብረት እግሩ ላይ ድንጋይ ቢጫንበት ይበቃዋል። ነገር ግን ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል። ባለ 90ው ዝናብን የተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን ነፋስ ስለሚይዘው ከግድግዳ ጋር በብሎን መታሰር አለበት። እኔ እንደ ልማዴ አሰላሁ፤ የትልቁ ስፋት የትንሹን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ለትልቁ ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ።

«ልጄ፣ የሚነሣውን ግዛ» አሉኝ።

«ዝናቡስ፣ አባባ?»

«ዝናብማ ያባራል።»

ትንሹን ገዛን። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ቤት ስንቀይር ሳህኑን ብብቴ ሥር አድርጌ ሄድሁ፤ ግድግዳ የሚበሳ ሰውም አላስፈለገኝም። ፊቱን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል አድርጌ፣ በጣት ስፋት እየገፋሁ ስፈልግ፣ አባቴ ከውስጥ ጆሯቸውን ጥለው ይጠብቁልኝ ነበር። «ሄደ… ሄደ… መጣ!» ሲሉኝ ብሎኑን አጠብቃለሁ። ያ ቃል የሚሰማበት ሰዓት ነው ቤቱ ቤታችን የሚሆነው።

ወደ አምስተኛው ቤት የገባነው ያለ እርሳቸው ነው። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳህኑን አቆምሁ፤ ድንጋዩን ጫንሁ፤ ፊቱን አዞርሁ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ በዚያው ባለበት ይጠብቀኛል። መፍቻውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ወርጄ በዓይኔ አየሁ፤ ምስሉ መጥቶ ነበር። መቼ እንደመጣ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሳህኔን ተሸክሜ ከቤት ቤት ብዞርም፣
ሰማዩ ያው ሰማይ፣ ቦታ አይቀይርም፤
ዝናቡም ያባራል፣ ምስሉም ይመለሳል፣
«መጣ» የሚለኝ ግን ከወዴት ይደርሳል?