ካልሲ ይሰፋል ወይስ ይጣላል?

ርእሱን ያየ አንባቢ «ይህ ሰው የሚጽፈው አጣ እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት በሚወራበት ገጽ ላይ ካልሲ ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ ብር ምንዛሬ አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ሳለ መሳቢያዬን ብገለብጥ ካሉኝ አሥራ አራት ጥንድ ካልሲዎች መካከል ተረከዛቸው ወይም የአውራ ጣት በኩላቸው ያልተቀደደ አምስት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩትን ዘጠኙን እሰፋለሁ ወይስ ጥዬ አዲስ እገዛለሁ? ይህን ሳሰላ ቆየሁና፣ የጀመርኩት ጽሑፍና ካልሲዬ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ገባኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በመርካቶ የሚቸበቸበው ካልሲ ባመዛኙ ከቻይና የሚመጣ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ የሚበቅልባት፣ የሸማ ጥበቧ የሚደነቅላት አገር ለተረከዟ መሸፈኛ ዶላር ትፈልጋለች ማለት ነው። ባለሙያዎች ስለ ምንዛሬ ማስተካከያ ሲተነትኑ ስለ ስንዴ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ማዳበሪያ ይናገራሉ፤ ስለ ካልሲ የተናገረ አልሰማሁም። የደመወዝተኛው ኑሮ ግን ቀድሞ የሚሳሳው እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው፤ ሸሚዝና ኮት ሰው ያየዋልና ይተካል፣ ካልሲ ጫማ ውስጥ ነውና ይቆየኝ ይባላል።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ያለው አንድ ወዳጄ «ጣለው» አለኝ። አንድ ቀዳዳ በወጉ ለመድፈን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራህ ከአንድ ጥንድ ካልሲ ይበልጣል፤ ስለዚህ መስፋት ኪሣራ ነው፣ የሚል ነው ስሌቱ። ስሌቱ ለእርሱ ልክ ነው። ግማሽ ሰዓቱን የሚገዛው ስላለ ነው ልክ የሆነው። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእኔን ግማሽ ሰዓት ማን ይገዛኛል? ሥራ ፈልጎ ላጣው ወጣትማ «ጊዜህ ውድ ነው» ማለት ቀልድ ይሆናል። ደግሞም ወዳጄ የዘነጋው ነገር አለ፦ በሚገዛው ካልሲና በሚጣለው ካልሲ መካከል ያለው ዕድሜ እያጠረ መሄዱን። አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ተጠቅልሎ የሚሮጠው ካልሲ ገና ሲገዛ የወንፊት ያህል ሳስቶ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ደህና ካልሲ የሚገዛውና በየሁለት ወሩ ርካሽ የሚገዛው ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳባቸውን ቢያስተያዩ፣ ድሃው የበለጠ ከፍሎ ሊገኝ ይችላል። ደህናውን ለመግዛት ግን አንድ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ የለውም።

ስለ ኀፍረቱም ማንሣት ይገባል። እኛ ጫማችንን በሰው ፊት የምናወልቅ ሕዝብ ነን። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ መስጊድ የሚገባውም ጫማውን ደጅ ይተዋል፤ ካልሲም ምስጢሩን የሚያወጣው እዚያ ነው። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፖል ዎልፎዊትዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ቱርክ፣ ኤዲርኔ ከተማ ውስጥ የሴሊሚዬን መስጊድ ሊጎበኙ ጫማቸውን ሲያወልቁ ከሁለቱም ካልሲዎች አውራ ጣቶቻቸው ብቅ ብለው ታዩ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አለቀ። እኒያ ሰው በዚያው ዓመት ከሥልጣን የለቀቁት በሌላ ጉዳይ እንጂ በካልሲያቸው አይደለም። የድሆችን አገሮች በጀት ሲመረምር የሚውል ተቋም መሪ ጣቱ ቢታይ ግድየለሽነት ነው ይባልለታል። የእኛ የቀበሌ ጸሐፊ ጣቱ ቢታይስ? ሰው አይስቅም፤ ከንፈሩን ይመጣል። ከሳቅ የከፋው እርሱ ነው።

ለመሆኑ መስፋት የምንለው የትኛውን ነው? የቀዳዳውን አፍ ለአፍ ገጥሞ በክር መሸብሸብ መስፋት አይባልም፤ ቋጠሮ ፈጥሮ ተረከዝ ያቆስላል። እናቴ የተቃጠለ አምፑል ካልሲው ውስጥ ትከትና ቀዳዳውን ሳትለጥጥ በአምፑሉ ላይ ትዘረጋዋለች። መርፌዋን የምታስገባው ከቀዳዳው ጠርዝ ሳይሆን አንድ ጣት ያህል ርቃ፣ ገና ካልሳሳው ላይ ነው። ክሩን በቁመት ትደረድራለች፤ ከዚያ በአግድም አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያሳለፈች ትሞላዋለች። ልጅ ሆኜ ያላስተዋልኩት ነገር ይህ ድርና ማግ መሆኑን ነው። ካልሲ እንደ ሹራብ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ነገር ነው፤ አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቱ ይተረተራል። እናቴ ያንን ትርትር የምታስቆመው በሳንቲም ስፋት ላይ ሸማ ሠርታ ነበር።

ሸማ ሠሪ ደግሞ በዚህ አገር ምን ሲባል እንደኖረ እናውቃለን። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» ብሎ መሳደብ ከመብዛቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። ስድቡ ዛሬ ቀርቷል ይባል ይሆናል። የተጣፈ ልብስ የለበሰ ልጅ ግን በትምህርት ቤት ዛሬም ጥፉን በእጁ ሲሸፍን ይታያል።

ወደ ዘጠኙ ጥንድ ልመለስ። ሁሉን ስፉ የሚል ሰባኪ አይደለሁም። የአፉ ላስቲክ የላላውን ካልሲ መርፌ አያድነውም፤ ተረከዙን ብትሰፋው ሲራመዱ ተንሸራቶ ጫማ ውስጥ ይጠቀለላል። የሳሳው ናይለንም ክር አይሸከምም፤ መርፌው በነካው ቁጥር ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። እነዚህ ስድስት ሆኑ፤ ጫማ መወልወያና አቧራ ማንሻ ሆነዋል። ወፍራም ጥጥ የሆኑት ሦስቱ ግን መርፌ ይገባቸዋል አልኩና ሁለቱን ራሴ ሰፋሁ። የእናቴን አይመስሉም፤ ይለበሳሉ።

ሦስተኛውን ሰፈራችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ዚፕ የሚቀይር፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ የተማሪ ቦርሳ የሚጠግን ሰው ዘንድ ልወስደው ስሄድ በረንዳው የለም። መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። በሥፍራው ያማረ የእግረኛ መንገድና የአበባ መደብ አለ፤ ማማሩን አልክድም። አንድ መኪና፣ አንድ በርጩማና አንድ ጥላ የሚያስቀምጥበት ሁለት ካሬ ሜትር ግን በፕላኑ ላይ አልታሰበለትም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ልብስ፣ ጫማና ብስክሌት በሚጠገንበት ዋጋ ላይ የሚጣለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ኋላ መልሳ ከፍ ብታደርገውም። ፈረንሳይ በ2023 ልብሱን ወይም ጫማውን ላስጠገነ ሰው ከዋጋው ላይ ጥቂት ዩሮ የሚቀንስ ድጎማ ጀምራለች። እነርሱ ከእጃቸው ያመለጠውን ጠጋኝ በገንዘብ ሊመልሱት ይሞክራሉ። የእኛው ሰው ድጎማ አልጠየቀም፤ የፈለገው የሚቀመጥበት በረንዳ ብቻ ነበር።

ጎረቤት እንደነገረችኝ አሁን ከከተማው ዳር፣ ሁለት ታክሲ ተይዞ በሚደረስበት ሰፈር ነው የሚሠራው። የደርሶ መልሱ ታሪፍ ከአንድ ጥንድ አዲስ ካልሲ ይበልጣል።