ማን ይጠብቅሃል?

መልቀቂያ ጽፎ ኪሱ ከትቶ የሚዞር ጎረቤት አለኝ። “ልተወው እንዴ?” ሲለኝ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይታየኛል። የሰፈራችን ስም ግን ዝም አያሰኝም። ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ አዳኝ ነበሩ፤ አደኑን ትተው፣ ሀብታቸውን ለድኻ አከፋፍለው፣ ቤታቸውን ክፍት ጥለው ወጡ። “እሳቸውማ ጻድቅ ናቸው!” ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወይዘሮ አበበች ጎበናስ? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ ከረሃቡ መሃል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ዋጋው ትዳራቸው ሆነ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ግን ከልጆቹ አልተለዩም። ሁለቱም ከሥራ አልሸሹም፤ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። እናም ጎረቤቴን “ምን አስመረረህ?” አልለውም፤ “ማን ይጠብቅሃል?” ነው የምለው። መልስ ካለው፣ ወረቀቱን ያውጣ።