የዝናብ አገር ልጅ፣ የፀሐይ አልበም

ራፐሩ አሚኔ ግንቦት 2017 ዓ.ም ያወጣውን አልበም «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» አለው፤ «የ13 ወር ፀሐይ» ማለት ነው። ዜናውን ባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ከተማችን መራዊ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ገና አንድም ዘፈን ሳልሰማ ርእሱ ከነከነኝ። ይሄ የእኛው የቱሪዝም መፈክር፣ የ13 ወር ጸጋው አይደለም እንዴ? ለመሆኑ ማን ነበር ያወጣው?

የልጁን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ሙሉ ስሙ አዳም አሚኔ ዳንኤል ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ናቸው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ተወለደ። ከዘፈኖቹ በዝና የሚቀድመው «ካሮላይን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ 11ኛ ደረጃ ደርሷል። ቀጥሎ ጎረምሶቹ «ሪል ኢት ኢን» ይላሉ። እኔ ባደገበት ሰፈር የተሰየመውን «ዉድላውን» አስቀድማለሁ። «ካሮላይን»ማ ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲከፈት ያምራል እንጂ ለብቻ ቁጭ ብለው ቢሰሙት ቶሎ ይሰለቻል።

ወደ መፈክሩ እንመለስ። ቡና የምንጠጣጣው ወዳጄ «የአየር መንገዱ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማስረጃው በልጅነቱ አጎቱ ሳሎን ተሰቅሎ ያየው የአየር መንገድ ካላንደር ነው። አየር መንገዱ እንደ ተጠቀመበት አልክድም፤ ባለቤቱ ግን አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱን የቱሪስት ድርጅት ያቋቋሙ፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሰው፣ በ2009 ዓ.ም አርፈዋል። ይህን ብነግረው «ካላንደሩን በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። ከካላንደር ጋር ምን ክርክር አለ!

ሰውዬው ብልህ ነበሩ። ፈረንጅ 13ኛ ወር የለውም፤ ቁጥሩን ሲያይ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ብርድ ያንገበገበው ደግሞ ፀሐይ ሲባል ሻንጣውን ያነሳል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን የት አደረጓቸው? በሐምሌ መራዊ ላይ ፀሐይ እንደ ተበዳሪ ናት፤ ብልጭ ብላ ትታይና ደመና ለደመና ታመልጣለች። የአካባቢያችን የሜጫ በቆሎ የሚበቅለውም በዚሁ ዝናብ ነው።

ይባስ ብሎ ቁጥሩን 13 ያደረሰችው ጳጉሜን እኮ ራሷ የታወቀችው በዝናብ ነው! ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን የሚወርደው ጠበል ነው ተብሎ፣ ልጆች ሆነን ሩፋኤል እንዲያሳድገን እየለመንን ራቁታችንን ዝናቡ ውስጥ እንዘል ነበር። ሊጥ የሚያቦኩ እናቶችም በረከት ነው ብለው ከዝናቡ ጠብ ያደርጉበታል። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ሰው ሁሉ አንጋጦ ዝናብ የሚለምንባትን ወር አምጥቶ ለፀሐይ ምስክር ማቆም ድፍረት ነው። ወዳጄ «አምስት ቀን ምን አላት» ይላል። አምስት ቀን ከሆነች ለምን ቆጠሯት?

ጉዳዩ እንቅልፍ ሲነሳኝ ወደ አሚኔ ከተማ ዞርኩ። ፖርትላንድ በአሜሪካ ስሟ የሚነሳው በዝናብ ነው። በዓመት የምታገኘው 900 ሚሊ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከእኛ አፍንጫ ሥር ያለችው ባሕር ዳር ግን ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ ነው። ስለዚህ ልጁ ዝናብ የሰለቸው መስሎት ፀሐይ ፍለጋ ዓይኑን የጣለው ከእሱ ከተማ ይልቅ በሚዘንብበት አገር ላይ ነው።

አቶ ሀብተሥላሴን ግን ጨርሼ አልከስም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እዚህ የሚወጣው ፀሐይ የዋዛ አይደለም፤ የቆጋን ወንዝ ገድበን ወደ 7,000 ሄክታር ለሚጠጋ መሬት የመስኖ ቦይ የዘረጋነው ወደን አይደለም። «የ8 ወር ፀሐይ» ቢሉ እኔም እፈርምላቸው ነበር።

መንግሥትም ቢሆን መፈክሩን ትቶ «ምድረ ቀደምት» ብሏል። ያን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ያው «ካሮላይን» በወጣበት ዓመት ነው። እኛ የጣልነውን ልጁ ቆይቶ አነሳው፤ ማንም ክፍያ የጠየቀው አይመስለኝም። እኔ ገንዘብ አልጠይቅም። ነሐሴ ላይ መራዊ መጥቶ አልበሙን ሜዳ ላይ ይዝፈንልን። ጃንጥላ ግን ይዞ ይምጣ።