ደረሰኝና ድንጋይ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል፣ የከተማ ነዋሪ ስለሚከፍለው መዋጮ የተነገረ ይመስለኛል። ነገር ግን ሎሚው ከተዋጣ በኋላ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ የተሸካሚው መብት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ታቦር ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ቦታ የሚመሩ የቤት ሠሪ ማኅበራት ለመንገድና ለውሃ መውረጃ የሚበቃ ቦታ እንዲለቁ፣ ለድንጋይ ንጣፍም ገንዘብ እንዲያዋጡ ይጠየቁ ነበር። ገንዘቡን ተቀብዬ ደረሰኝ የምቆርጠው እኔ ነበርሁ።

ለሚያጕረመርም ሁሉ መልሴ የተዘጋጀ ነበር። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የመንግሥት ንብረት መሆኑን፣ የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. መታወጁን፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት መወሰኑን እዘረዝራለሁ። መንገድ ሲገባ የቦታው ዋጋ ከፍ ይላልና፣ ጥቅሙን የሚያገኝ ከወጪው ቢካፈል ፍርድ ነው እላለሁ። በጃፓን አገርም ባለይዞታዎች ከመሬታቸው ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ለመንገድና ለመናፈሻ እንደሚሰጡ፣ የሚቀርላቸውም ድርሻ ዋጋው እንደሚጨምር እተርካለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም።

በአንድ የነሐሴ ቀን ግን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ ገቡ። ላማቸውን ሸጠው ድርሻቸውን ከከፈሉ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሷል። በጨርቅ የቋጠሩትን ደረሰኝ ፈትተው አወጡና፣

«ልጄ፣ ይህን ወረቀት ጭቃው ላይ ባነጥፈው ያሻግረኛልን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እናቴ፣ ገንዘብዎ በሚገባ ተመዝግቧል» አልኋቸው።

«መመዝገቡንስ አምናለሁ፤ እኔ የምጠይቅህ ድንጋዩን ነው» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ መዝገቡን ገልጬ ተመለከትሁ። የገባው ሁሉ በየስሙ ተጽፏል፤ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ያስገባ ሰው አልነበረም፤ ለሌላ ሰፈር አስቸኳይ ሥራ ውሏል። ይሁን እንጂ ለከፋዮቹ ይህን የነገራቸው ማንም አልነበረም። እኔም ደረሰኝ ስቆርጥ ጠይቄ አላውቅም።

ሒሳቡ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ አለቃዬን ለመንሁ። «ይህ ልማድ አይደለም» ቢሉኝም፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቀዱ። በስብሰባው ብዙ ተወቀስን፤ ወቀሳውም የተገባ ነበር። በተከታዩ በጋ የድንጋዩ ንጣፍ እስከ እኒያ እናት ደጅ ደረሰ፤ የውሃ መውረጃው ግን እኔ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ አልተጀመረም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ለመንገዱ ሥራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። በዚያ ዘመን በሕዝቡ ላይ የደረሰው መከራ የሚዘነጋ ባይሆንም፣ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ሸክም የሚያዝ ሰው የሸክሙን አንድ ጫፍ መያዝ ይገባዋል። ብዕር ለያዝን ለእኛ ደግሞ ድንጋያችን ሒሳብ ነው። ያንን አንሥተን በሕዝብ ፊት ካላቀረብን፣ የምንቆርጠው ደረሰኝ ጭቃ የማያሻግር ወረቀት ሆኖ ይቀራል።